ከማጅራት ገትር በኋላ መስማት ያቆመ ልጅ፦ ኮክሊያር ኢምፕላንት አሁን ወይስ «የአንጎል ቺፕ» እስኪመጣ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ልጅ አለኝ። ከአምስት ሳምንት በፊት ማጅራት ገትር ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ነፍሱ ተረፈችልን። ቤት ከገባ ወዲህ ግን ስንጠራው አይዞርም። አስመረመርነው፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ ምንም አይሰሙም አሉን። ኮክሊያር ኢምፕላንት የሚባል፣ በቀዶ ሕክምና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚገጠም የመስሚያ መሣሪያ እንዳለም ነገሩን። ወጪው ከአቅማችን በላይ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ሊያግዘን ተነሥቷል። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ግን ‹አትቸኩሉ፣ በጥቂት ዓመት አንጎል ላይ የሚገጠም ቺፕ ይመጣል፣ ያኔ ከእኛም በላይ ይሰማል፣ አሁን ብታሠሩለት በአሮጌው ታስሮ ይቀራል› ይለኛል። እናቴም በግላኮማ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ለእሷም ሰው ሠራሽ ዓይን መጣ እየተባለ ነው። ብንጠብቅ ይሻላል?»

አትጠብቁ። ሌላ በሽታ ቢሆን ኖሮ «ትንሽ እናስብበት» ማለት ይቻል ነበር። ማጅራት ገትር ግን ጊዜ አይሰጥም። ምክንያቱን ልንገርህ፤ እሱን ካወቅህ ለወንድምህ ማስረዳትም አይከብድህም።

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለች፣ የአተር ፍሬ የምታህል ክፍል አለች። ኮክሊያ ትባላለች። ውስጧ ፈሳሽ ነው። እዚያ ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የፀጉር ሴሎች ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይረው ለመስማት ነርቭ ይሰጡታል። ባክቴሪያው ከአንጎል ሽፋን ተነሥቶ ወደ ኮክሊያ ሲገባ እነዚህን ሴሎች ይገድላል፤ ልጅህ መስማት ያቆመው በዚህ ነው። ጉዳቱ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ሰውነት ቁስሉን ልጠግን ሲል ያንን ፈሳሽ የነበረበትን ቦታ መጀመሪያ በጠባሳ፣ ከዚያ በአጥንት ይሞላዋል። ይህ በሳምንታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ሁሉም ልጅ ላይ አይደርስም፤ ማን ላይ እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ኢምፕላንቱ የሚገባው ደግሞ በዚያው ክፍት ቦታ ነው። ቦታው አጥንት ከሆነ ሐኪሙ አጥንቱን እየሰረሰረ መንገድ መፈለግ ይኖርበታል፤ አንዳንዴ ሽቦው ግማሽ ድረስ ብቻ ይገባል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይገባም። አምስት ሳምንት አልፏችኋል። ከዚህ በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሳምንት ይቆጠራል።

በሥራዬ ያጋጠመኝን ልንገርህ። ለልጃቸው ገንዘብ ሲያሰባስቡ ወደ ስምንት ወር የቆዩ ወላጆች ነበሩ። አንድም ቀን ሰነፉ የሚባሉ ሰዎች አልነበሩም፤ ግን «ገንዘቡ ሳይሞላ ምን እናደርጋለን» ብለው የጆሮውን ምስል እንኳ አላስነሡም። ሲመጡ አንደኛው ጆሮ ተዘግቶ ነበር። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ገንዘቡ ሞላም አልሞላም፣ በዚህ ሳምንት ኤምአርአይ እና ሲቲ ስካን ይነሣ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሲቲ ስካን የተሠራውን አጥንት ያሳያል፣ ኤምአርአይ ደግሞ ገና አጥንት ያልሆነውን ጠባሳ ቀድሞ ያሳያል፣ ነርቩ መኖሩንም ያረጋግጣል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። በሌላ ምክንያት መስማት የተሳነውን ልጅ መጀመሪያ የመስሚያ መርጃ አድርጎለት ለወራት መሞከር የተለመደ ነው። «መጀመሪያ ስድስት ወር ይህን ይሞክር» የሚልህ ባለሙያ ካጋጠመህ፣ የልጁ ምክንያት ማጅራት ገትር መሆኑን ደግመህ ንገረው። እዚህ ላይ ያ ደንብ አይሠራም።

ሌላው የማይጠብቅ ነገር አንጎሉ ነው። ትንሽ ልጅ ንግግርን የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ በዚያ ጊዜ ድምፅ ያልደረሰው የአንጎል ክፍል ሥራ ፈቶ አይቀመጥም፣ ለሌላ ነገር ይውላል። ልጅህ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ እየሰማ ኖሯል፤ ይህ ትልቅ ሀብቱ ነው። ግን በዚህ ዕድሜ መስማት ያቆመ ልጅ የሚያውቀው ቃል በወራት ውስጥ ይሸሸዋል። መጀመሪያ የቃሉ ጥራት ይበላሻል፤ ከዚያ ቃሉ ራሱ ይጠፋል።

አሁን ስለ መሣሪያው። ብዙ ሰው ኢምፕላንቱን የተሻለ የመስሚያ መርጃ አድርጎ ያስበዋል። አይደለም። የመስሚያ መርጃ ድምፅን አጉልቶ ለዚያው ጆሮ ይሰጣል። ኢምፕላንቱ የሞቱትን ሴሎች ዘልሎ ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይነካል። ሁለት ክፍል አለው። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው አንዱ ነው፤ ባትሪ የለውም፣ ቀጭን ሽቦው ኮክሊያ ውስጥ ይገባል። ሌላው ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ነው፤ ማይክሮፎኑ፣ ኮምፒውተሩና ባትሪው እዚያ ነው፤ በማግኔት ከራስ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ታዲያ «ከእኛ በላይ ይሰማል» የሚለው እውነት ነው? አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ጤነኛ ጆሮ ወደ 3,500 ገደማ ድምፅ ተቀባይ ውስጠኛ የፀጉር ሴሎች እና ወደ 30,000 የነርቭ ክሮች አሉት። ኢምፕላንቱ እንደ ሠሪው 12፣ 16 ወይም 22 የኤሌክትሪክ ነጥቦች ነው ያሉት። በዚህ ጥቂት ነጥብ ሰው ንግግር መረዳቱ በራሱ የሚገርም ነው፤ ይህን የሚያደርገው በዋናነት አንጎሉ ነው። ጫጫታ ያለበት ቦታ፣ ሰርግ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ይቸገራል። ሙዚቃ ላይ ደግሞ ምቱን በደንብ ይይዛል፣ ዜማው ይከብደዋል። ከበሮውን ይሰማል፣ አብሮ ያጨበጭባል፤ ትዝታን ከባቲ ለይቶ መስማት ግን ለብዙዎች በጣም አስቸጋሪ ነው። ለአማርኛ ግን አንድ የሚያስደስተኝ ነገር አለ። የልደትን በዓል «ገና» ስትል እና «ገና ነው» ስትል ልዩነቱ ፊደሉ መጥበቁና መላላቱ ነው፤ ይህ ደግሞ የቆይታ ጉዳይ ነው፣ መሣሪያው የድምፅን ርዝመትና ምት ያስተላልፋል። እንደ ቻይንኛ በድምፅ ከፍታ ቃል የሚለይባቸው ቋንቋዎች ላይ ነው የበለጠ የሚቸግረው።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ መሣሪያው ሲከፈት ሕፃኑ የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ፈገግ ሲል የሚያሳየውን ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይከሰታል፤ ግን እሱን አትጠብቁ። መሣሪያው የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ነው። ብዙ ልጆች ያን ዕለት ይደነግጣሉ ወይም ያለቅሳሉ። አዋቂዎች የመጀመሪያውን ድምፅ እንደ ሮቦት ወይም እንደ ፉጨት ነው ብለው ይገልጹታል። ከዚያ በኋላ ያለው ተደጋጋሚ ማስተካከያ እና የንግግር ልምምድ ነው፣ ወራትና ዓመት የሚፈጅ። ቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ወንድምህ ሐሳብ ልመለስ። ክፋት የለበትም፤ የሚያየው ዜና ነው እንደዚያ ያሰበው። ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሎበታል። የአንጎል ቺፕ የሚሠራው ኒውራሊንክ የተባለ ኩባንያ በጥር 2024 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መጀመሪያ የገጠመለት ሰው ኖላንድ አርቦ ይባላል፤ ከአንገት በታች ሰውነቱ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው። መሣሪያው የሚያደርገው ልታንቀሳቅስ ስትል አንጎል ላይ የሚነሣውን ምልክት አንብቦ የኮምፒውተር ጠቋሚ ማንቀሳቀስ ነው። ለእሱ ትልቅ ነጻነት ሰጥቶታል። ግን ከአንጎል ወደ ውጭ የሚያነብ መሣሪያ ነው፤ ድምፅ ወደ አንጎል የሚያስገባ አይደለም። ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት አብዛኞቹ ቀጫጭን ክሮች ከአንጎሉ እየወጡ መሥራት አቁመው ነበር፤ ኩባንያው ሶፍትዌሩን አስተካክሎ ነው የቀጠለው። ለአዋቂ ፈቃደኛ ሰው ይህ የሚደፈር ሙከራ ሊሆን ይችላል። ለሦስት ዓመት ሕፃን አይሆንም።

በቀጥታ ወደ አንጎል ድምፅ የሚያስገባ መሣሪያ ግን ዛሬም አለ። የመስማት ነርቭ ለሌላቸው ሰዎች አንጎል ግንድ ላይ የሚቀመጥ ኢምፕላንት ለብዙ ዓመት ሲሠራበት ቆይቷል። ውጤቱ በአማካይ ከኮክሊያር ኢምፕላንት ያንሳል፤ ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ነርቩ ደህና ሆኖ ሳለ ወደ አንጎል የማንሄደው። ወደ አንጎል በተጠጋህ ቁጥር የምታገኘው መስማት ይሻላል ማለት አይደለም። ኮክሊያ ላይ ድምፁ ከቀጭን እስከ ወፍራም በቅደም ተከተል ተዘርግቶ ተቀምጧል፤ ለመሣሪያው ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም።

ምርምሩ ቆሟል እያልኩህ አይደለም። ጀርመን አገር ጎቲንገን ቶቢያስ ሞዘር እና ባልደረቦቹ ነርቩን በኤሌክትሪክ ፋንታ በብርሃን ለመቀስቀስ ይሠራሉ፤ እስካሁን የሠሩት በእንስሳት ላይ ነው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ሻንጋይ ፉዳን ዩኒቨርሲቲ ኦቶፍ በሚባል ጂን ችግር መስማት የተሳናቸው ስድስት ልጆች በጂን ሕክምና ታክመው አምስቱ መስማት መጀመራቸው ታትሟል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን ያንተ ልጅ ችግር ጂን አይደለም፤ ያ ሕክምና ለእሱ አይሠራም።

«በአሮጌው ታስሮ ይቀራል» የሚለው ፍርሃት ግን ከሁሉም የምጋራው ነው፤ ምክንያቱም ደርሷል። ሴኮንድ ሳይት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አርገስ ሁለት የተባለ 60 ነጥቦች ያሉት ሰው ሠራሽ ሬቲና (ሬቲና ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ነው) ሠርቶ በ2011 በአውሮፓ፣ በ2013 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ዋጋው ወደ 150,000 ዶላር ነበር፤ ከ350 ያላነሱ ሰዎች ተገጠመላቸው። ኩባንያው በ2019 መሣሪያውን ማምረት አቆመ፣ በ2020 ሊዘጋ ደረሰ። ዓይናቸው ውስጥ መሣሪያ የተቀበረ ሰዎች መለዋወጫ የሚሰጣቸው፣ የሚደውሉለት ሰው አጥተው ቀሩ። አንዲት ተጠቃሚ ደግሞ አንድ ቀን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሳለች መሣሪያው ድምፅ አሰምቶ ጠፋባት። ሰውነትህ ውስጥ የገባ ነገር ዕድሜው ከኩባንያው ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስና ብልጭልጭ የሆነውን ለመጠበቅ ሳይሆን ለመጠንቀቅ ነው ይህ ታሪክ የሚያስተምረው።

ኮክሊያር ኢምፕላንት እዚህ ላይ ይለያል። ዕድሜ ጠገብ ነው። ፓሪስ ውስጥ ጁርኖ እና ኤይሪየስ በ1957 የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ ቀሰቀሱ፤ ሎስ አንጀለስ ዊልያም ሃውስ በ1960ዎቹ ቀጠለበት፤ ሜልቦርን ግሬም ክላርክ በ1978 ብዙ ነጥብ ያለውን ገጠመ። አሜሪካ በ1990 ለልጆች ፈቀደች። ዛሬ በዓለም ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖሩበታል። ዋናው ነገር ደግሞ፣ የሚሻሻለው የውጩ ክፍል ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የተገጠመላቸው ሰዎች ያው ከቆዳ ሥር ያለው ሳይነካ አዲስ ፕሮሰሰር (ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለውን ክፍል) እየለወጡ ነው የሚኖሩት። ስለዚህ አሁን ማሠራት በሩን አይዘጋም። በሩን የሚዘጋው ኮክሊያው ወደ አጥንት መቀየሩ ነው።

ስለዚህ «ከሰው በላይ» ስለሚባለው ነገር ያለኝን አቋም ላስቀምጥ። ኢምፕላንት ያለው ልጅ ስልኩን በብሉቱዝ አያይዞ ድምፁን በቀጥታ ወደ ጭንቅላቱ ማስገባት ይችላል፤ ሲተኛም አውልቆ በፍጹም ጸጥታ ይተኛል። እኔና አንተ ይህን አንችልም። ከዚህ ያለፈው ግን ዛሬ የለም። ጤነኛ ጆሮ ያለውን ሰው ቆርጦ ገብቶ ማሻሻል ማለት ያለውን ጥሩ ነገር አጥፍቶ ያነሰ ነገር መስጠት ማለት ነው። ዛሬ ያለው ሁሉ የጠፋን የስሜት ሕዋስ በከፊል የሚመልስ ነው። ያም ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ሁለቱ ጆሮዎች አንድ ቃል። በማጅራት ገትር ሁለቱም ኮክሊያ የመዘጋት አደጋ ስላለባቸው የሚመከረው ሁለቱንም በአንድ ላይ መግጠም ነው። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከሆነ ግን ሁለተኛው እስኪሞላ አትቆዩ፤ አንዱን አሁን። የትኛው ጆሮ እንደሚቀድም ሐኪሙ ከምስሉ አይቶ ይወስናል።

ገንዘቡን ስታሰባስቡ የመሣሪያውንና የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ ያንን ታውቃላችሁ። ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ገመዱ ይበጠሳል፣ የማግኔቱ ክፍል ይጠፋል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ፕሮሰሰሩ ከዓመታት በኋላ መለወጥ ይፈልጋል። ከተሰበሰበው ላይ ለዚህ የሚሆን ለብቻው አስቀምጡ። ውጭ አገር ሄዳችሁ የምታሠሩ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስላችሁ፦ ስንመለስ ይህን ብራንድ የሚያስተካክል ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ባለሙያ) የት አለ? መልሱ ካላማራችሁ ሌላ ብራንድ ጠይቁ። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ በሚሞላም በሚጣልም ባትሪ የሚሠራ ፕሮሰሰር ምረጡ፤ ባትሪ ካለቀ ልጁ ምንም አይሰማም።

አደጋውንም ልንገርህ። ቀዶ ሕክምናው የተለመደ ነው፣ ግን የፊት ነርቭ አጠገብ ነው የሚሠራው፤ ኢንፌክሽን ሊከሰት ይችላል፤ መሣሪያው ተበላሽቶ ድጋሚ መክፈት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ኢምፕላንት ያላቸው ልጆች ኒሞኮከስ በሚባል ባክቴሪያ በሚመጣ ማጅራት ገትር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የኒሞኮከስ ክትባቱ መሟላቱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት አረጋግጡ፣ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። ትኩሳትና የጆሮ ሕመም ሲመጣበት «ያልፋል» አትበሉ፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው። ወደፊት ኤምአርአይ ሲታዘዝለት ኢምፕላንት እንዳለው ሳትናገሩ እንዳይገባ። ጸበል ብትወስዱት ክፋት የለውም፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የውጩን ክፍል አውልቃችሁ አስጠምቁት። ጸበሉ የምርመራውን ቀጠሮ እንዳያስቀር ብቻ ነው የምለምንህ። ደግሞ ልጁ ሲራመድ ይንገዳገዳል? ማጅራት ገትር የሚዛን አካሉንም ይጎዳል። ይህን ለሐኪሙ ንገር፤ ብዙ ወላጅ «ድክመት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የምልክት ቋንቋ ካስተማራችሁት አይናገርም የሚላችሁ ሰው ይኖራል። አትስሙት። መሣሪያው ተከፍቶ መረዳት እስኪጀምር ወራት አሉ፤ በእነዚህ ወራት ልጁ ያለ ቋንቋ መቀመጥ የለበትም። ባትሪ ባለቀ ጊዜ፣ ሲዋኝ፣ መሣሪያው በተበላሸ ሰሞን የምትነጋገሩበት ነገር ይኑራችሁ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምረዋል። የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ማኅበር በ1991 የልጆችን ኢምፕላንት ተቃውሞ ነበር፤ የተቃወመው ልጆቹ ቋንቋቸውንና ማኅበረሰባቸውን ያጣሉ ብሎ ነው። በ2000 አቋሙን አለዘበ። ሥጋቱ ግን ከንቱ አልነበረም፤ ሁለቱን አብሮ በመያዝ ይፈታል።

ስለ እናትህ አጭር ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ጥሩ አይደለም። ግላኮማ የሚገድለው ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው። ሰው ሠራሽ ሬቲና ደግሞ በዚያው ነርቭ በኩል ነው መልእክቱን የሚልከው። ነርቩ ከሌለ መሣሪያው የሚያናግረው የለም። ሰሞኑን የሰማችሁት ፕሪማ የሚባለው ይመስለኛል፤ 2 ሚሊሜትር በ2 ሚሊሜትር የሆነ፣ 378 ነጥቦች ያሉት ቺፕ ነው። በ2025 በታተመው ጥናት የአንድ ዓመት ክትትሉን ከጨረሱ 32 ሰዎች 26ቱ ፊደል በማንበብ ተሻሽለዋል። ግን እነሱ በዕድሜ ምክንያት የሬቲናቸው መሐል የተበላሸባቸው፣ ነርቫቸው ደህና የሆነ ሰዎች ናቸው። ነርቩን ዘልሎ ዓይነ ሥውራንን በአንጎል በኩል የማሳየት ሙከራ እንግሊዝ አገር በ1968 ከታተመው የብሪንድሊ እና የሌዊን ሥራ ጀምሮ አለ፤ ሰዎቹ የብርሃን ነጠብጣብ ያያሉ፣ ዛሬም ከምርምር አልወጣም። ለእሷ ገንዘብ አታውጡ። ይልቅ ከግላኮማው ሌላ የዓይን ሞራ ግርዶሽ እንደሌለባት የዓይን ሐኪም ይይላት፤ ትንሽ ብርሃን የሚለይ ዓይን ካላትም ጠብታዋ እንዳይቋረጥ። ግላኮማ በዘር ይሄዳል፤ አንተም ወንድምህም እስካሁን ዓይናችሁን ካልተመረመራችሁ ሂዱ። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሰው የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ነገ ከአንገት በላይ ሐኪሙ ጋ ደውለህ ኤምአርአይና ሲቲ ስካኑን አስይዝ። ምስሉ ላይ ጠባሳ ወይም አጥንት ከታየ ገንዘቡን ተበድራችሁም ቢሆን በሳምንታት ውስጥ አሠሩ። ካልታየም በወራት አትዘግዩ፤ እየጠበቃችሁ ሳለ ምስሉ እንዲደገም ጠይቁ። ለወንድምህ ይህን ጽሑፍ ላክለት፤ ቺፑን ከሚጠብቅ ይልቅ ለባትሪና ለፕሮሰሰር የሚሆነውን ገንዘብ እሱ ይያዘው።

ዛሬ ማታ ደግሞ እናቱና አንተ ቁጭ ብላችሁ ልጁ ከመታመሙ በፊት የሚላቸውን ቃላት ሁሉ ጻፉ፤ «ማማ»ን፣ «ውሃ»ን፣ የውሻውን ስም፣ አጣሞ የሚጠራውንም። ስልካችሁ ላይ የድሮ ቪዲዮ ካለ እንዳይጠፋ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። ከፊት ለፊቱ ሆናችሁ፣ ከንፈራችሁን እያየ፣ እነዚያኑ ቃላት በየቀኑ ንገሩት። መሣሪያው የተከፈተ ዕለት የንግግር ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ዝርዝር ነው።